«ቀነስ አድርጊ» ብዬ የተረጎምኩት

እንግሊዝኛ አንድን ነገር ለመቀነስ ስንት ቃል እንዳለው ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በዚያን ዘመን ሶዶ ውስጥ ከኔ ሌላ አልነበረም ብል ብዙ አልዋሸሁም። ይህን ስል መኩራራቴ አይደለም፤ ኩራቱ ድሮ ቀረ። እንዲያውም ባላውቀው ይሻለኝ ነበር። ባላውቅ ኖሮ «ፈረንጁ ያለው አልገባኝም ነበር» ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። ግን ገብቶኛል፤ አሳምሮ ገብቶኛል።

ጊዜው ጣልያን ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። የጦርነቱ ወሬ ገና ከገበያ ገበያ ይዞር ነበር እንጂ የሚያምነው ሰው ጥቂት ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ ፈረንጆች ክሊኒክ ከፍተው ነበር። አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ አስተርጓሚያቸው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ተምሬ ስመለስ እንግሊዝኛዬ ትንሽ፣ ጉራዬ ብዙ ነበር። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ስለነበረ አማርኛ የቤቴ ቋንቋ ነው። ወላይትኛን ግን ከጡት ጋር ነው የጠባሁት።

ይህን ለወግ ያህል አላልኩትም። እናቴ እኔን በወለደች በወሩ ሞተች። አባቴ ገባሮች ነበሩት፤ ከነሱ የአንዱ ሚስት በዚያው ሰሞን ልጅ ሞቶባት ጡቷ አግቷል። «ይህን አጥቢ» ተባለች፤ አጠባች። በውዷ ይሁን በግዷ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። መልሱን ስለፈራሁ ነው። «እማ» እያልኩ አደግሁ። አባቴ ሞቶ ቤቱ ሲበተን፣ እሷም ባሏ ሞቶባት ነበርና ዳሞታ ተራራ ግርጌ ወዳለችው ጎጆዋና እንሰቷ ተመለሰች። እኔም እሑድ እሑድ እሷ ዘንድ ነበርኩ። ሌላ ዘመድ የለኝም።

እሷ ግን በዴሳ በምትባል ከተማ የሚኖር ታላቅ ወንድም ነበራት። በዓመት አንድ ሁለቴ ይመጣል፤ እኔ ከቤት ካለሁ አይቀመጥም። «የወታደር ልጅ አጥብተሽ ምን ተረፈሽ?» ይላት እንደነበር ሰምቻለሁ። ወደኔ ሲያይ ዓይኑ ውስጥ ያለውን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም ነበር። እማ «ተወው፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ ክፋት የለበትም» ትለኛለች። እኔም የተውኩት መሰለኝ።

ወደ ቃላቱ ልመለስ። የሐኪም ሥራ ግማሹ መድኃኒት መስጠት ነው፤ ግማሹ መከልከል ነው። ለአንዱ ቅባት፣ ለአንዱ ትምባሆ፣ ለአንዱ አረቄ፣ ለአንዷ ከባድ ሸክም። ነርሷ እኔ ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ እንደምጠቀም አስተዋለች። ሐኪሙ ምንም ቢል እኔ «ቀንስ» ነው የምለው። ወላይትኛ ብዙ ባታውቅም ያው ድምፅ ሲደጋገም ጆሮዋ ያዘው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቅ የማያበዛ ሴት ነበረች፤ ሥራ ከያዘች ግን እንደሷ የሚታገሥ የለም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በክሊኒኩ በረንዳ ላይ ታስቀምጠኝና ታስተምረኝ ጀመር። አንድ ቀን በደብተሬ ላይ ከላይ እስከ ታች ግሦች ጻፈችልኝ።

ሪዲዩስ የሁሉም አባት ነው አለችኝ፤ ትኩሳትም እብጠትም ዋጋም ሪዲዩስ ይሆናል። ከት ዳውን ግን የሰው ልማድ ላይ ነው የሚውለው። ሰውየው ነገሩን አልተወም፣ አሁንም እጁ ላይ ነው፣ ድሮ ከሚያደርገው ግን ያነሰ ያደርጋል፤ ከኋላውም ኦን የምትባል ትንሽ ቃል ታስከትላለህ። ከት ባክ ከሱ ብዙ አይርቅም፤ የሚበዛው ግን ስንቅና ገንዘብ ሲያጥር ነው። የመብራት ዘይት ሲያልቅብን ከት ባክ እናደርጋለን። ሊሚት ማለት ልክ መወሰን ነው፤ በቀን ሁለት ስኒ፣ ከዚያ አያልፍም። ሪስትሪክት ሲሆን ልኩን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፤ ዘበኛም አለው። ከርብ እንደ ልጓም ነው፤ ለቁጣና ለምላስ ይሆናል። ይህን ስትል ቀና ብላ አየችኝ፤ በረንዳው ላይ ወሬ እንደማበዛ ታውቃለች። ጊቭ አፕ ሰው ራሱ ወስኖ ሲተው ነው። ከት አውት መጨረሻው ነው። ከገበታው ይውጣ፣ ቅንጣት አይቅር ማለት ነው።

ገጹን በቃሌ ያዝኩት። ከላዩ ለስላሳው፣ ከታቹ ጠንካራው፤ ልክ እንደ መሰላል አደረግሁት። ሐኪሙ አንዱን ቃል በጠራ ቁጥር የትኛው እርከን ላይ እንዳለ ወዲያው አውቃለሁ። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር የሚል ሰበብ የለኝም።

ታዲያ ካወቅሁ በኋላ ምን አደረግሁ? አለሰለስኩ። እኛ አገር ትልቅን ሰው «ይህን እንዳትበላ» ማለት ሆዳም እንደ ማለት ነው። በእንግድነት የሄደበት ቤት እንኳ «በቃዎት» ቢባል ሰው ይቀየማል። አንድ ቀን አንድ የከተማችን ሹም መጡ። ቀያቸው ሁሉ የሚፈራቸው ሰው ናቸው። ሐኪሙ ጉበታቸውን ዳብሶ፣ ፊቱን አኮሳትሮ «ጊቭ አፕ» አለ፤ ጠጁንም አረቄውንም። እኔ ምን አልኩ? «ጌታዬ፣ ሐኪሙ ቢቻልዎ መጠጡን ቀነስ ቢያደርጉት መልካም ነው ይላል።» ሹሙ ፈገግ ብለው «ይህ ፈረንጅ ሰው ያውቃል» አሉ። ከዚያ በኋላ የትም ሲያዩኝ «አፈ ማር» እያሉ ይጠሩኛል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሐኪሙ ቆርጦ የሚጥለውን እኔ እያለሰለስኩ አቀብላለሁ፤ ይህን ጨዋነት ብዬ ነበር የምጠራው።

እማ እግሯ ያበጠው በበልግ መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ድካም ነው አለች፤ ቀጥሎ እርጅና ነው አለች። አንድ እሑድ ስሄድ እንሰት ስትፍቅ መሐል ላይ አቁማ ግንዱን ተደግፋ ትተነፍሳለች። እሷ ስትቆም አይቼ አላውቅም። በነጋታው በቅሎ ተውሼ ኮረብታው ላይ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ። አውራ ጣቱን በቅልጥሟ ላይ ጫን አድርጎ ያዘና ለቀቀው፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ ቆየ። እሷም ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን አየችው። «ሊጥ ሆንኩ እኮ» ብላ ሳቀች። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ልቧ ደክሟል አለኝ። ጠብታ እሰጣታለሁ፣ ውኃውን የሚያስወጣ መርፌም እወጋታለሁ፣ ግን ሁሉም ከንቱ ነው ጨው ካልተወች አለ። «ሶልት» አለና እጁን በአየር ላይ አግድም አሳለፈው። «ከት ኢት አውት። ኮምፕሊትሊ።» ከዚያም እኔን እያየ «በትክክል ንገራት» ብሎ ጨመረ። የመሰላሉ የመጨረሻ እርከን ነው። ቃል በቃል ሰማሁት።

ስለ ጨው አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ያደረግሁት አይገባም። በእማ ሰፈር ጠዋት ጠዋት የቡና ቅጠል ይፈላል። ቅጠሉ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣና ከጨው ጋር ተወቅጦ በትልቅ ጀበና ይፈላና ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ቤት ተሰብስቦ ይጠጣል። ዛሬ አንዷ ቤት፣ ነገ ሌላዋ ቤት፤ ዘጠኝ ቤት ይዞራል። ማን አመመው፣ የማን ላም ወለደች፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚሰማው። ማንም ለብቻው አይጠጣም። በዚያን ዘመን ለብቻው ስኒ የሚሰጠው ሸክላ ሠሪው ነበር፤ ሰው የእጁን ሥራ እየገዛ ከሱ ጋር መጠጣት ይጸየፋል፤ እግዜር ይቅር ይበለን። ወይም ደግሞ ጎሜ ያለበት ሰው ነው። ጎሜ የሚሉት ሰው ነውር ሠርቶ ሳይናዘዝ ሲቀር የሚወርድበትን መቅሠፍት ነው። እግር ማበጥ ደግሞ የጎሜ ምልክት ነው የሚሉ አሉ። ያበጠ እግር ይዛ፣ ከጀበናው ተለይታ፣ ለብቻዋ ጨው የሌለው ልትጠጣ! ከሰፈሩ መነጠል ማለት መሰለኝ።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ለራሴ የነገርኩት ቆይቼ ነው። ይህችን ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ያዘዛት የኔ ቤት ነው። ይህን አጥቢ፣ ይህን ተሸከሚ፣ ይህን አትንኪ። አሁን ደግሞ እኔ ጫማ አድርጌ፣ ፈረንጅ አጠገብ ቆሜ «ተከልክለሻል» ልበላት? አፌ እምቢ አለኝ።

ጎንበስ ብዬ በወላይትኛ «እማ፣ ጨው ትንሽ ቀነስ አድርጊ ይልሻል» አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው።»

ትከሻዋ ወረድ ሲል አየሁ፤ ፈርታ ነበር ለካ። «ቀላል ነው እንግዲህ» አለችና በቅሎዋ የት እንዳለች ጠየቀችኝ። ሐኪሙ «ገባት?» አለኝ። «ገባት» አልኩት።

ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። በየሳምንቱ አመጣታለሁ፤ መርፌው ይወጋል፣ እግሯ ሁለት ቀን ይጎድላል፣ ሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይሞላል። መርፌው ያማል፤ ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ሲያመላልሳት ያድራል። አንዴም «ምነው» አላለችም። ሐኪሙ በየጊዜው «ጨውስ?» ይለኛል። እኔም በየጊዜው «ትታለች» እላለሁ። አየህልኝ ክፋቴን። ለሷ «ቀንሺ» አልኳት፤ ለሱ «ተወች» አልኩት፤ በሁለቱ መሐል ብቻዬን ቆሜ ሁለቱንም አሞኛለሁ። ቤቷ ስሄድ ከጀበናው ስትጠጣ አያለሁ፤ ስኒውን እስከ አፉ ሳታስሞላ «ይኸው፣ እንዳልከኝ ቀነስ አድርጌያለሁ» ትለኛለች። ደግ ልጅ እናቱን እንደሚያመሰግን «ጎሽ» እላታለሁ።

አንድ ቀን ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቁሟት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየ። «ጨው ትታ ይህ ከሆነ ልቧ አልቋል ማለት ነው» አለኝ። «ከዚህ በኋላ ከሷ የምንቀንሰው ነገር የለም። መርፌውንም እናቁም፤ ለምን እናሠቃያታለን?» ጠብታውን ብቻ እንድትወስድ አዘዘ። ምን ይዋጠኝ? ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ደግሞ የሷን መድኃኒት ነው የደበቅሁት። አፌን ከፈትኩ፤ ሐኪሙ እጁን ሊታጠብ ዞሮ ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁት። እማ ከሚዛኑ እየወረደች «ምን አለ?» አለችኝ። «መርፌው ይቅርልሽ አለ» አልኳት። እሰይ ብላ እጄን ሳመችው። ከዚያ ቀን ይልቅ ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነርሷ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ከዚያ ገጽ በእያንዳንዱ ግስ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድጽፍ፤ ግን ከራሴ ኑሮ፣ እውነት የሆነ ነገር እንዲሆን። «ውሸት ዓረፍተ ነገር አያስተምርም» አለችኝ። ተቀምጬ ጻፍኩ። ዝናብ አቧራውን ሪዲዩስ ያደርጋል። ሹሙ የገበያውን ቀን ሊሚት አደረጉ። ምላሴን ከርብ ማድረግ አለብኝ። ከት ዳውን ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤ ከዚያ ጻፈ። እናቴ ጨው ላይ ከት ዳውን አድርጋለች።

አውቄ ነው የጻፍኩት ወይስ አመለጠኝ? ስንት ዓመት አሰብኩበት፤ አላውቅም። በአማርኛ መዋሸት ችዬ ነበር፣ በወላይትኛም ችያለሁ፤ ለሐኪሙም በአፌ በእንግሊዝኛ ችያለሁ። በዚያ ደብተር ላይ ግን ቃሎቹ እያንዳንዳቸው ከነቦታቸው ተሰድረው ነበርና አንዱን ከሌላው ቦታ ማስቀመጥ አቃተኝ።

ነርሷ እርሳሷን እየነዳች ወረደች። ዝናቡን አለፈች፣ ሹሙን አለፈች፣ ምላሴ ላይ ፈገግ አለች። ከዚያ እርሳሱ ቆመ።

«ዳውን?» አለችኝ። «አውት እንጂ።»

ቀና ብዬ አላየኋትም።

«የተሳሳትከው ዓረፍተ ነገሩን ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«አይደለም» አልኳት። «ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው።»

ደብተሩን ዘጋችው። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። ደብተሩን መልሳ አቀበለችኝ። ከዚያ «ለሐኪሙ እኔ እነግረዋለሁ፤ መርፌው ነገውኑ ይቀጥላል። ለእናትህ የምትነግረው ግን አንተ ነህ። ዛሬ ሂድ» አለችኝ። ሄድኩ። ግን ፈሪ ነኝና በማግስቱ ጠዋት ነው የደረስኩት።

የጀበናው ተራ የጎረቤቷ ነበር። ጎረቤቷ ባልቴት ናት፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ይፈራታል፣ እማን ግን እንደ እህቷ ነው የምትወዳት። ቤቷ ሰው ሞልቶበታል። እማ ጥግ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ስኒዋ እጇ ላይ ነው። ለብቻዋ ልጠራት አስቤ ነበር። ግን ብቻዋን ካገኘኋት እንደገና እንደማለሰልሰው አወቅሁት። እዚያው ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በወላይትኛ ተናገርኩ። ሐኪሙ ገና በመጀመሪያው ቀን ጨው ፈጽሞ እንዳትቀምሺ ብሎ ነበር። ቀንሺ አላለም። ቀንሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው የነገርኩሽ።

ጎሜ የሚል ሹክሹክታ ጠበቅሁ፤ ማንም አላለም። ባልቴቷ ብድግ አለች። ትመታኛለች ብዬ ፊቴን መለስኩ። ጀበናውን ከእሳት ላይ አነሳችና በር ላይ ወጥታ ሙሉውን ሜዳ ላይ ደፋችው። ገብታም ለልጇ ሚስት «ሌላ ቅጠል ውቀጪ፤ ጨው እንዳታስገቢበት» አለቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ጨው አምጪ ነጋዴዎች የቀሩበት ክረምት እኛ ዘጠኝ ቤት ሙሉ ያለ ጨው አልጠጣንም? ማን ሞተ? ለሷ ብለን መጠጣት የሚያቅተን መሰለህ?»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ይቻላል ብዬ ለአንዲት ደቂቃ አላሰብኩም ነበር። እነሱ መሐል አድጌ፣ በቋንቋቸው አልሜ፣ ይህን አላውቅም። እማ ተነጥላ ትቀራለች ብዬ ስጨነቅ፣ እነሱ ሁሉም አብረው እንደሚተዉላት አልታየኝም። የወታደር ልጅ ነኝ እኮ፤ ክልከላ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ነው የሚመስለኝ።

እማ ስኒዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «እኔ እኮ አንተ ቀለል አድርገህ ስትነግረኝ በሽታው ቀላል ነው ብዬ ነው» አለችኝ። «ጨው ምን አላት? ጨው ይቅርና ቤቱን ልቀቂ ብትለኝ እለቅ ነበር። አንተ ነህ እኮ የነገርከኝ።» አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። አሁን ግን የት እንደምወድቅ ጠፋኝ፤ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጠኙም ቤት ጨው ከጀበናው አወጣ። ጎዳሬውም ቦዬ የሚሉት ሥራ ሥርም ለሷ ሲቀቀል ጨው አይነካውም። መርፌውም ቀጠለ። እግሯ ጎደለ፤ ለሦስት ሳምንት ያህል እንሰቷ መሐል ስትንጎራደድ አየኋት፣ ልቤ ደስ አለው። ሐኪሙም «ይኸው፣ ይሠራል» አለ፤ ከዚያ ግን ፊቱን መለሰና «ሁለት ወር» አለ፣ ለራሱ። እኔን አላየኝም። የባከነውን ሁለት ወር ማለቱ ነው። ክረምቱ ሲጠና ደረቷ ተያዘ። ልቧ አልቻለም። አንድ ረፋድ ላይ፣ ባልቴቷ ትራስ እያስተካከለችላት፣ ሞተች።

ለቅሶው ላይ ሰዎች ከየቦታው መጡ። ወንድሟ ከበዴሳ ዝናብ ሲመታው መጥቶ፣ ጋቢውን ሳይጨምቅ፣ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀመጠ። ሁሌም የፈራሁት ሰው ነው፤ ዛሬ ግን እውነት አለው። የኔን ጥፋት ከሰማ፣ ከእህቱ ሁለት ጊዜ እንደወሰድን ያውቃል፤ አንዴ ጡቷን፣ አንዴ ዕድሜዋን። ይነሣብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢነሣብኝም አንዲት ቃል ላልመልስ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

የፈላው ቅጠል ሲቀርብ አንድ እንግዳ ቀመሰና «ጨው የለውም እኮ» አለ። ባልቴቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙ፣ «እሷ ስለተከለከለች እኛም ትተን ነው» አለች። «ሐኪሙ ገና በመጀመሪያው ቀን ከልክሏት ነበር። ልጇም ያኔውኑ ነግሯታል። አልሰማም ያለችው እሷ ናት፤ ጨው ትወድ ነበር።»

ቀና ብዬ አየኋት። ሌሎቹም የሰፈሩ ሰዎች፣ ያን ጠዋት እዚያ ቤት የነበሩት ሁሉ፣ መሬት መሬት እያዩ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባልቴቷ ስኒ ልትሰጠኝ ስታጎነብስ በጆሮዬ «ዝም በል» አለችኝ። «እንዲህ በሉ ብላ ሁላችንንም አስምላናለች። ወንድሜ ልጄን እንዳይጠላብኝ ብላ።»

ወንድሟ ከተቀመጠበት ተነሣ። ሰዎቹን አልፎ እስከ እኔ ድረስ መጣ። በሕይወቱ ነክቶኝ አያውቅም፤ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ እጄን ያዘኝ። እጁ ከዝናቡ የተነሣ ይቀዘቅዛል። «አንተስ የልጅነትህን አድርገሃል» አለኝ። «ነግረሃት ነበር አይደለም?»

«አዎ» አልኩት። «ነግሬያት ነበር።»